የፈላ ካልሆነ አልጠጣም

ኩላሊት የሚባል ነገር እንዳለኝ ያወቅሁት ሊገድለኝ ሲነሳ ነው። ከዚያ በፊት ኩላሊት ማለት ለእኔ ሥጋ ቤት ውስጥ ከጉበት አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር ነበር። አንድ ቀን ሆሳዕና በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ጎኔን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝና ጠመኔዬን እንደጨበጥኩ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ተማሪዎቼ ዝም ብለው አዩኝ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፣ ትምህርቱም የመሬት መንቀጥቀጥ ነበርና ማሳያ መስሏቸው ነው። አልፈርድባቸውም። አንዱማ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አይቼዋለሁ።

ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ ጎኔን ጫን ጫን አደረገና ጠጠር ነው አለኝ። በቀን ምን ያህል ውሃ እንደምጠጣ ጠየቀኝ። አሰብኩ። ጠዋት ሻይ እጠጣለሁ፣ ማታ አንድ ሁለት ጠጅ እላለሁ፤ ውሃ የምጠጣው ክኒን ስውጥ ብቻ ነበር። ክኒንም ቢሆን አንዳንዴ በሻይ ነው የምውጠው። ይህን ስነግረው ድሬሰሩ የሞተ ሰው እንደሚያናግር ሆኖ አየኝ። ሰገራዬን መርምሮ ደግሞ አሜባም ጨመረልኝ።

ሁለት ትእዛዝ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ውሃ ሳይጠማህም ጠጣ፣ ሽንትህ እስኪነጣ ድረስ ጠጣ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያልፈላ ውሃ በአፍህ እንዳይዞር የሚል። ከምንጭም ይቀዳ ከቦኖ፣ ጥርት ያለም ይሁን የደፈረሰ፣ ተንተክትኮ ካልፈላ ክፉና ደጉ አይለይም አለኝ። እነዚህን ካላከበርክ ጠጠሩ ወንድሞቹን አስከትሎ ይመለሳል ብሎ አሰናበተኝ።

እናንተዬ፣ ያን ሕመም የቀመሰ ሰው ቃል አይደገምለትም። ዘመኑም የቆራጥነት ነበር። አመራሩ ቆራጥ፣ ሕዝቡ ቆራጥ፣ መፈክሩ ሁሉ ቆራጥ። እኔም በበኩሌ ቆራጥ ውሃ ጠጪ ሆንኩ።

ይሄ በአፍ ቀላል ነው። ላምባ በቀበሌው ሱቅ በኮታ ነው የሚሸጠው፣ እሱም ሲገኝ ነው። ስለዚህ በከሰል አፈላለሁ። ከተንተከተከ በኋላ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ከድኜ አቀዘቅዛለሁ፣ በታጠበ እንስራ ገልብጬ እጄን ሳልነክር እጀታ ባለው ጣሳ እቀዳለሁ። ቤት ያከራዩኝ እትዬ ውድነሽ፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ ይከርሙና ይሄ ውሃ ምን ቢያደርግህ ነው ነጋ ጠባ የምታቃጥለው ይሉኛል። ውሃው ጭስ ጭስ ይላል። ይበል። የጭስ ሽታ ጎን አይወጋም።

ለመንገድ የሚሆን ደግሞ ከሰልባጅ ተራ የወታደር ኮዳ ገዛሁ። እሱን በትከሻዬ አንግቼ ስወጣ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር መሰለው። ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታ ይቆማል፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ «ጓድ» ይሉኝ ጀመር። ከሻይ ቤቱ ባለቤት ሻይ በነፃ የቀረበልኝ በዚያ ሰሞን ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነው። ውሃ የጠጣ ሰው ይወጣል፤ ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የውይይት መሪያችን ግን እንደዚያ አላየውም። ስለ አድኃሪያን ሲያነሳ እኔ ብድግ እላለሁ፣ ስለ ቀልባሾች ሲያነሳ ብድግ እላለሁ። በመጨረሻ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ተነሥቼ ኩላሊቴን በዝርዝር አስረዳሁ። ኩላሊትህ ከአብዮቱ ይበልጣል ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። ጥያቄው ከባድ ስለነበር ላስብበት ብዬ አስፈቅጄ እንደገና ወጣሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ያልተበገርኩ ሰው ነኝ። በዚሁ መሃል ነው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አይተህ ና ተብዬ ወደ ሆመቾ የተላክሁት።

ይህን የሰማች ማርታ የመምህራን ማረፊያ ክፍል መጣች። ማርታ የሆመቾ ልጅ ናት፣ እኛ ዘንድ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ያገባችውም ከጎጃም የመጣውን የታሪክ መምህራችንን ጌታሁንን ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጠላ ሰጠችኝና ለእናቷ፣ ለእናቷ ብቻ እንዳደርስላት ነገረችኝ። ወሯ መግባቱንም ንገርልኝ አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እናትሽ ለምን መጥተው አይጠይቁሽም ይል ነበር። እኔ የጠየቅኋት ሆመቾ ውስጥ የፈላ ውሃ የሚሸጥ ሻይ ቤት ይኖር እንደሆነ ነው።

ኮዳዬን እስከ አፉ ሞልቼ ከመናኸሪያው ላንድሮቨር ላይ ተጠቀጠቅሁ። ዳገቱ መሃል ላይ መኪናዋ ማጨስ ጀመረች። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ራዲያተሩ ተንተከተከ፣ ሾፌሩም ዓይኑን ተሳፋሪው ላይ አንከራትቶ ኮዳዬ ላይ አሳረፈ። እንቢ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ተነሣብኝ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዶሮ የያዘች ሴት ሳይቀሩ ለመኑኝ። ለማንም የማይሆን ውሃ ነው፣ የፈላ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሾፌሩ መኪናዋም ፈልታለች፣ ይግባባሉ ብሎ ኮዳዬን ከትከሻዬ አወለቀና ጭልጥ አድርጎ አጠጣት። መኪናዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እኔ ባዶ ኮዳ አንግቼ ሆመቾ ገባሁ።

የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ከመንገድ የራቀ ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። እዚያ ደርሼ ለጎልማሶቹ ንግግር እንዳደርግ ተጠየቅሁና ምን አባቴ ልሁን ብዬ ስለ ውሃ ማፍላት ጥቅም ረጅም ንግግር አደረግሁ። ሲያልቅ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። ሲያጨበጭቡልኝ አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ ምራቅ አጣሁ። ከጎኔ ደግሞ ያ የማውቀው ነገር ቆንጠጥ ያደርገኝ ጀመር።

ነጠላውን ብብቴ ሥር ይዤ ጠይቄ ጠይቄ የማርታን ወላጆች ቤት አገኘሁ። እንሰት የከበበው ንጹሕ ጊቢ ነው። አባቷ አቶ ኤርጫፎ በራቸው ላይ ተቀምጠው የወንበር እግር ይልጋሉ። ረጅም፣ ቁጥብ፣ አናጢ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለና የተለካ ነው። ከሆሳዕና መምጣቴን፣ ከማርታ ጋር ማስተማሬን ነገርኳቸው። የማርታ ስም ሲነሳ መላጊያው ቆመ። ግባ አሉኝና ሌላ አልጠየቁኝም። የጋዜጣውን ጥቅል አዩት፤ እኔም ለእናቷ ብቻ ተብያለሁና ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

እናቷ እማማ አማረች ከምንጭ መመለሳቸው ነበር። ገና ተቀምጬ ሳላበቃ ከእንስራቸው በትልቅ ጣሳ ውሃ ቀድተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ምን ልበላችሁ፣ ውሃው ጣሳው ሥር ያለውን ዝገት ያሳያል። ጉሮሮዬ ብቻውን ወጣ ወረደ። ግን ቆራጥ ነኝ። ውሃችሁ ውስጥ ተባይ ይኖራል ብዬ ሰው ቤት ተቀምጬ ልናገር? ነውር ነው። ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ምክንያቱን ሳልናገር አልጠጣም አልኩ።

እማማ አማረች ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ። ባለቤታቸውን አዩአቸው። ገብተው ወተት አመጡ፤ ያልፈላ ነው፣ አልጠጣም አልኩ። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። ያለ ውሃ ቆጮ ብውጥ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ገባኝና እሱንም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኩ። አቶ ኤርጫፎ ይሄን ሁሉ አዩና ተነሡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። ተቀየሙኝ ብዬ ደነገጥኩ። ጥቂት ቆይተው ግን ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች አስከትለው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በሀዲይኛ ይነጋገራሉ፣ ያዩኛል፣ አንገታቸውን በአክብሮት ይነቀንቃሉ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ምን ስላደረግሁ እንደሆነ ግን ፈጽሞ አልገባኝም።

መቋቋም ሲያቅተኝ ለሽንት ብዬ ወደ እንሰቱ መሃል ወጣሁ። የሚወጣ ነገር አልነበረም። እማማ አማረች ተከትለውኝ መጡ። ነጠላውን ሰጠኋቸው፣ ማርታ ወሯ መግባቱንም ነገርኳቸው። ነጠላውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። እኔ ሞኙ ጥሩ ጊዜ ያገኘሁ መስሎኝ እማማ እባክዎ በአንዲት ጣሳ ውሃ ያፍሉልኝ፣ የምጠጣው የፈላ ነው፣ ልሞት ነው አልኳቸው።

እጄን አፈፍ አደረጉ። «አደራ ልጄ፣ አደራ በማርያም፣ አሁን እንዳትጠጣ» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። እነሱ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ ውሃ እንቢ የሚል እንግዳ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ጉዳዩ ካልተፈጸመለት እህል ውሃ አይቀምስም። ከማርታ ዘንድ የመጣ ሰው ውሃ እንቢ ካለ ደግሞ ስለ ማርታ ሊለምን የመጣ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ማርታና ጌታሁን ጊዜው የአዲስ ሥርዓት ነው ብለው ሽማግሌ ሳይልኩ፣ አባቷን ሳያስለምኑ፣ በፊርማ ብቻ ተጋቡ። አቶ ኤርጫፎ ያን ዕለት ልጅ የለኝም አሉ። ከዚህ ቤት እሷ ቤት የሚሄድ እግርም አይኑር ብለው ቃል አወጡ። አሁን ማርታ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፣ እናቷ እንዳይሄዱ ተከልክለዋል፣ የጌታሁን ወገን ጎጃም ነው።

«ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው» አሉኝ። «ከእንግዲህ ብትጠጣ ልመናውን ተወው ማለት ነው። ሁለተኛ የሚመጣ ሰው የለም።»

ማርታ እግሯ አባብጦ የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ስትወጣ በየቀኑ አያታለሁ። ምን ሆነሽ ነው ብያት አላውቅም፤ ስለ ኮዳዬ ነበር የማወራላት። በጣም አፈርኩ። ከማፈሬ ብዛት ጥሙን ለጊዜው ረሳሁት። እሺ እማማ አልኩ፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጠጣም። ጎኔ ላይ ያለው ነገር ይሄን ሰምቶ ነው መሰለኝ አንዴ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

ተመልሼ ስገባ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሻይ። አቶ ኤርጫፎ የምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ እንዲቀዳ አዝዘው ኖሯል፣ ትልቅ ብርጭቆ ሻይ እንፋሎቱ እየወጣ ፊቴ ተቀምጧል። ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ «ከተሜ ነህ፣ የፈላ ነው» አሉኝ።

ያን ብርጭቆ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስኳሩ ከሥር ገና አልሟሟም ነበር። ድሬሰሩ ቢያየው እጁን አንሥቶ የሚመርቅለት ሻይ ነው፤ የፈላ፣ የጠራ፣ ብዙ። እማማ አማረች በሩ ላይ ቆመው መቀነታቸውን ይዘዋል። እጄን አንሥቼ ደረቴ ላይ አደረግሁ።

«ስለ ማርታ የመጣሁበት ጉዳይ አለኝ፣ አልጠጣም» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ እንግዲህ ጉዳይህን ተናገር አሉኝ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚነገር ረጅም ወግ እንዳለ አሁን አውቃለሁ፤ ስለ አባቶች ይነሳል፣ ስለ ዘመድ ይነሳል፣ ተዙሮ ተዙሮ ነው የሚደረሰው። እኔ ምላሴ አልዞር ስላለኝ ማርታ ወሯ ገብቷል፣ እናቷ ይሂዱላት አልኩና አበቃሁ። ሽማግሌዎቹ የቀረውን ሲጠብቁ ቆዩ። የቀረ አልነበረም።

አቶ ኤርጫፎ ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። መዋሸት ፈለግሁ፣ ግን ለውሸትም ትንሽ ምራቅ ያስፈልጋል። ማንም እንዳልላከኝ፣ ነጠላ አድርስ ተብዬ እንደመጣሁ ተናገርኩ። ታዲያ ውሃውን ለምን እንቢ አልክ አሉ። ኩላሊቴን አንሥቼ ተናዘዝኩ፤ ጠጠሩን፣ አሜባውን፣ ድሬሰሩን፣ ኮዳዬን የጠጣችውን መኪና ሳይቀር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ አማረች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይኸው በአንድ ቀን የሰው ቤት አፈረስኩ ብዬ ላብ ላብ አለኝ፤ ላቡ ከየት እንደመጣም አላውቅም።

አቶ ኤርጫፎ ግን አልተቆጡም። ብርጭቆውን በጣታቸው ወደ እኔ ትንሽ ገፋ አደረጉት።

«ሻዩስ?» አሉ። «ሻዩ የፈላ ነው።»

«ሻዩን ለማርታ ብዬ ነው» አልኩ።

አቶ ኤርጫፎ መሬት መሬቱን እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ልጄን ሲወስዷት በደጄ ቆሞ የተጠማላት አንድ ሰው አልነበረም። ሰዎች እንደ ዕቃ አነሷት ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ይኸው አንተ ተጠማህላት።» ከዚያ ብርጭቆውን በራሳቸው እጅ አንሥተው ሰጡኝ። «ጠጣ» አሉኝ።

ጠጣሁ። አንዱን ጨረስኩ፣ ሁለተኛ ተቀዳ፣ ማንቆርቆሪያው እስኪነጥፍ ጠጣሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አሜን የምለው በየጉንጩ መሃል ነው። እማማ አማረች ውስጥ ገብተው ቅቤና ቡላ ሲያስሩ ይሰማኛል፤ ሲያስሩም ሲያለቅሱም። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ስንወጣ አቶ ኤርጫፎ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ቀድመውን ቆመዋል። ይሄዳሉ ያለ ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው እንኳ ደንግጠው ተከተሏቸው።

ሆሳዕና ማርታ ቤት ደረስን። እናትና ልጅ በሩ ላይ ተያይዘው ቀሩ። ጌታሁን፣ የፈረንሳይን አብዮት አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ማስታወሻ የሚያስተምረው ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ጠፍታው ወንበር ያነሳል መልሶ ያስቀምጣል። አቶ ኤርጫፎ ገብተው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ማርታ ያን ሆዷን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደችና በሰፊ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ለአባቷ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

አቶ ኤርጫፎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

እኔ ጅሉ ፈጠን ብዬ አባባ አይስጉ፣ እነማርታም ማፍላት ጀምረዋል፣ እኔ ነኝ ያስጀመርኳቸው አልኩ። እማማ አማረች እግሬን ረገጡኝ።

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። ሀዲይኛ የማያውቀው አማቻቸውም እንዲሰማ ብለው በአማርኛ ተናገሩ። «ጉዳይ አለኝ» አሏት። «ያን ሁሉ ጊዜ አባት እያለሽ አባት አሳጥቼሻለሁ። ይቅር ካላልሽኝ አልጠጣም።»

ማርታ ለመንበርከክ ጎንበስ አለች። እኔና ጌታሁን ልንይዛት ብድግ ስንል በእጇ ከለከለችን፣ ያን ከባድ ሆዷን ደግፋ ቀስ ብላ ፊታቸው ተንበረከከችና ብርጭቆውን ራሷ አፋቸው ላይ አደረገችላቸው። አቶ ኤርጫፎ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳያነሱ እስከ መጨረሻው ጠጡት።